ስም ከመቃብር በላይ፥ እውነት ከሰሌዳ በታች

ታሪክን መመርመር የሊቃውንት ዕድል ነው፤ ለተማሪ የሚገባው ሊቃውንቱ የጻፉትን መቅዳትና ማጥናት ብቻ ነው የሚል ሐሳብ በብዙ አገር ይሰማል። የታላላቅ ሰዎች ነገር ሲነሣማ ይህ ሐሳብ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ተማሪው የአገሩን ዝነኛ ሰው ልደትና ሞት፥ ሹመትና ሽልማት፥ በስሙ የተጠራውን ጐዳናና ሕንጻ በንጹሕ ጽሕፈት ገልብጦ ካመጣ የታሪክ ትምህርቱ ተፈጸመ ይባላል። ይህ ሐሳብ ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻም አይደለም፤ ተማሪውን ከመርማሪነት አውርዶ የስም ሰሌዳ ቀቢ የሚያደርግ፥ የተበደሉትንም ሙታን ሁለተኛ ጊዜ የሚቀብር ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሻ ሰው በአሜሪካ ያሉትን ሁለት ከተሞች ይመልከት፤ አንደኛዪቱ በኦክላሆማ ግዛት የምትገኘው ቱልሳ ናት፤ ሁለተኛዪቱ በሚሲሲፒ ግዛት የምትገኘው ሃቲስበርግ ናት።

በአሜሪካ ተማሪ የሚኖርበትን ግዛት ታሪክና በግዛቱ የታወቁትን ሰዎች ሕይወት መርምሮ እንዲጽፍ ማዘዝ የቈየ ልማድ ነው። በ1974 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በክሊቭላንድ ከተማ ዴቪድ ቫን ታስል የተባለው የታሪክ ፕሮፌሰር የጀመረው «ብሔራዊ የታሪክ ቀን» የሚባል የተማሪዎች ውድድር ይህን ልማድ ወደ አገሩ ሁሉ አስፋፍቶታል፤ ተማሪዎቹ መዝገብ አገላብጠው፥ ሽማግሌ ጠይቀው፥ የደረሱበትን በጽሑፍ ወይም በፊልም ወይም በትዕይንት አቅርበው ይወዳደራሉ። ልማዱ መልካም ነው። ነገር ግን መልካሙ ልማድ በሁለት ዐይነት ሰዎች እጅ ይበላሻል፤ አንደኛው ተማሪው ምስጋናን ብቻ እንዲገለብጥ የሚሻ ነው፤ ሁለተኛው ተማሪው የአገሩን ነውር እንዳይነካ የሚከለክል ነው። የሁለቱም ሥራ በመጨረሻ አንድ ይሆናል፤ ሁለቱም መዝገቡ እንዳይገለጥ ይሻሉና።

አስቀድሞ የቱልሳን ነገር መናገር ይገባል። ኦክላሆማ ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ ስም አይደለም፤ በ1950ዎቹ ዓመታት የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም መምህራን ልኮ የረዳው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ነበረ። እነዚያ መምህራን የመጡበት ግዛት ግን በዚያ ዘመን በገዛ ከተማው የተደረገውን ታላቅ ጥፋት በመማሪያ መጻሕፍቱ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። ጥፋቱም እንዲህ ነው።

በሜይ 30 ቀን 1921 ዓ.ም. ዲክ ሮውላንድ የተባለ፥ በሊስትሮነት የሚተዳደር የ19 ዓመት ጥቍር ወጣት በአንድ ሕንጻ አሳንሰር ውስጥ ሣራ ፔጅ በምትባል ነጭ ሠራተኛ ላይ እጁን አንሥቷል ተብሎ ተጠረጠረ። በማግሥቱ ተያዘ፤ ትሪቢዩን የተባለው የከተማው ጋዜጣም ነገሩን አጋኖ አወጣው። በመሸ ጊዜ ብዙ ነጮች ልጁን ያለ ፍርድ ሊሰቅሉት በፍርድ ቤቱ ደጅ ተሰበሰቡ። ጥቍሮችም፥ ከእነርሱ መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው የተመለሱ ወታደሮች ነበሩባቸውና፥ ልጁን ለመጠበቅ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ፤ ተኵስም ተከፈተ። ሌሊቱ ነግቶ ጁን 1 ቀን እኩለ ቀን እስኪሆን ድረስ ግሪንውድ የሚባለው የጥቍሮች ሰፈር ተዘረፈ፤ በእሳትም ጋየ። ቀይ መስቀል የቈጠረው ብቻ 1256 ቤቶች ተቃጠሉ፤ የሟቾቹም ቍጥር እስከ 300 ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። የሮውላንድ ክስ ተትቶ ልጁ በነጻ ተለቀቀ። ስለ ገደለና ስላቃጠለ ግን አንድ ነጭ እንኳ አልተፈረደበትም፤ ነገሩን እንዲመረምር የተሠየመው የክስ ጉባኤም ጥፋቱን በጥቍሮቹ ላይ ጣለው።

ከዚህ በኋላ ከተማዪቱ ዝም አለች። ዝምታዋም የመርሳት ዝምታ አልነበረም፤ እጅ ያለበት ዝምታ ነበር እንጂ። የሜይ 31ዱ ትሪቢዩን ጋዜጣ ወደ ማይክሮፊልም ከመገልበጡ አስቀድሞ ከፊተኛው ገጽ ስለ ሮውላንድ የተጻፈው፥ ከርእሰ አንቀጹም ገጽ አብዛኛው ተቀድዶ ወጥቷል። የቀደደውም ሕፃን ተማሪ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፥ የተቃጠለባቸው ሰዎች ነገሩን በልባቸው ይዘው ኖሩ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ለልጆቻቸው መንገርን ፈሩ።

እንግዲህ ዝምታውን ከሰበሩት ሰዎች መካከል ተማሪዎች እንደሚገኙ አንባቢ ያስተውል። በ1946 ዓ.ም. ሎረን ጊል የተባለ የቱልሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማስተርስ ድግሪ ጽሑፉን በዚህ ነገር ላይ ጻፈ። በ1950ዎቹ ዓመታት ደግሞ በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ትምህርት ቤት ደብልዩ. ዲ. ዊልያምስ የተባለ መምህር፥ እሳቱ በነደደ ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ሆኖ ያየ፥ የወላጆቹም ቲያትር ቤት የተቃጠለበት ሰው፥ ነገሩን ለተማሪዎቹ ተረከላቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ ዶን ሮስ «ይህ ከቶ አልተደረገም» ብሎ ተከራከረው። መምህሩ አልተቈጣም፤ ዝም በልም አላለውም፤ በማግሥቱ ሕንጻዎቹ ሲነድዱ የሚያሳዩትን ፎቶግራፎች አምጥቶ በእጁ ሰጠው። ያ የተከራከረ ተማሪ ኋላ የኦክላሆማ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1997 ዓ.ም. ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ በሕግ እንዲቋቋም ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው እርሱ ነው። ጉባኤውም ምርመራውን ፈጽሞ በ2001 ዓ.ም. ዘገባውን አወጣ።

ያው ዊልያምስ በስተርጅናው ሌላ ተማሪ መጣበት። ይህ ተማሪ ስኮት ኤልስወርዝ የሚባል የቱልሳ ነጭ ልጅ ነው፤ በኦሪገን ግዛት በሪድ ኮሌጅ ሲማር የመመረቂያ ጽሑፉን በከተማው ጥፋት ላይ ለማድረግ ወስኖ በ1975 ዓ.ም. ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደ። ከዚያ የተማሪ ጽሑፍ በ1982 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ወጣ፤ ኤልስወርዝም ከዚያ ወዲያ በጅምላ የተቀበሩት ሙታን ተፈልገው እንዲገኙ ሲደክም ኖረ። አንድ መምህር፥ አንዱን ጥቍር አንዱን ነጭ ሁለት ተማሪዎች መስክሮላቸው፥ ከሁለቱ የአንዱ ጥያቄ ሕግ ሆነ፤ የሌላው ጥያቄ መጽሐፍ ሆነ። ተማሪ ይቅዳ እንጂ አይመርምር የሚለው ሰው ይህን እንዴት ይመልሰዋል?

አሁን ደግሞ ወደ ታላላቆቹ ሰዎች ስም መምጣት ይገባል። በቱልሳ መካከል ብሬዲ የሚባል ጐዳና፥ ብሬዲ የሚባል ሰፈር፥ ብሬዲ የሚባል ቲያትር ቤት ነበር። ተማሪው ሰሌዳውን አንብቦ «ብሬዲ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የምስጋናው መጽሐፍ ፈጥኖ ይመልስለታል፤ ቴት ብሬዲ በ1890 ዓ.ም. ወደ ቱልሳ መጥቶ ሱቅ የከፈተ፥ በ1898 ዓ.ም. ከተማዪቱ በሕግ ስትቋቋም ከፈረሙት አንዱ የሆነ፥ ሆቴልም የሠራ ትጉህ ሰው ነው ይለዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን እውነቱ እዚህ ላይ ከተቈረጠ ሐሰት ይሆናል። ያው ብሬዲ በ1923 ዓ.ም. ጥቍሮችን በማሳደድ የታወቀው የኩ ክላክስ ክላን ማኅበር አባል እንደ ነበረ በምስክርነት ቃሉ አምኗል። ሰሌዳው ሰሙ ነው፤ መዝገቡ ወርቁ ነው፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የሚሄድ ተማሪ ቅኔው እንዳልተፈታለት ሰው ነው።

የብሬዲ ነገር በ2011 ዓ.ም. በመጽሔት ተጽፎ ከተነገረ በኋላ የከተማው ምክር ቤት ምን እንዳደረገ መስማት ያስፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ብዙ ተከራክሮ ስሙን ሳይፍቅ ባለ ስሙን ለወጠ፤ ጐዳናው ከእንግዲህ ወዲህ ኤም. ቢ. ብሬዲ ይባል፤ የሚታሰብበትም የቱልሳው ቴት ብሬዲ ሳይሆን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፎቶግራፍ በማንሣት የታወቀው ማቲው ብሬዲ ይሁን ብሎ ወሰነ። ይህ ፎቶግራፍ አንሺ በ1896 ዓ.ም. የሞተ፥ ከቱልሳም ጋራ ምንም ነገር የሌለው ሰው ነው። ታላላቆች ሰዎች በጉባኤ ተቀምጠው ሰሌዳውን ሳይነቅሉ ከሰሌዳው በስተኋላ ሰው ለወጡ። የእውነተኛው ስም ለውጥ የተወሰነው በ2018 ዓ.ም. ነው፤ ጐዳናው «የዕርቅ መንገድ» ተባለ። በመካከሉ ባሉት አምስት ዓመታት አንድ ተማሪ ስለ ጐዳናው ስም ጥሩ አድርጎ ገልብጦ ቢጽፍ ኖሮ ስለ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በጻፈ ነበር፤ ከመምህሩም ሙሉ ነጥብ ባገኘ ነበር። የግልበጣ ትምህርት ፍሬው ይህ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። በቱልሳ ግን የአንዱ ስም ከጐዳና በላይ ሲውል የሌላው ስም ከመቃብር በታች ዋለ። በኦክላውን መካነ መቃብር ስም ከሌላቸው መቃብሮች ከወጡት ዐጽሞች አንዱ ሲ. ኤል. ዳንኤል የተባለ፥ ከጆርጂያ ግዛት የመጣ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደር የነበረ ሰው መሆኑ በ2024 ዓ.ም. በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ታወቀ። ያን ጊዜ ከተገደለ 103 ዓመት ሆኖት ነበር። ዐጽሙ ብቻውን ግን ነገሩን ሁሉ አልተናገረም፤ በ1936 ዓ.ም. ስለ ቤተ ሰቡ ጡረታ አንድ ጠበቃ ለመንግሥት የጻፈው ደብዳቤ በብሔራዊው ወመዘክር ተገኝቶ በቱልሳው ጥፋት መሞቱን አስረዳ እንጂ። ደብዳቤው 88 ዓመት በመዝገብ ውስጥ ተኝቶ አንባቢ ጠበቀ። መዝገብ የማይገልጥ ተማሪ ያሳደገ አገር ሙታኑን ስም አልባ አድርጎ ይኖራል።

ሁለተኛው ተቃዋሚ፥ ነውርን የሚከለክለው፥ ከፊተኛው ይልቅ ብልህ ነው። በ2021 ዓ.ም. በሜይ ወር፥ የእሳቱ 100ኛ ዓመት ሊታሰብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፥ በኦክላሆማ አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ፥ ማንም ተማሪ ስለ ዘሩ ምክንያት ጭንቀትና የበደለኛነት ስሜት ሊሰማው ይገባል ብሎ ማስተማር ነው። ለእውነት መመስከር ይገባልና፥ ሕጉ የቱልሳን ታሪክ ማስተማርን በስሙ አልከለከለም፤ የግዛቱ የትምህርት መመሪያም ይህን ታሪክ ያስተምሩ ነበር። ማንም ልጅ በዘሩ አይወቀስ ማለትም በራሱ የሚነቀፍ ቃል አይደለም። ነገር ግን የሕግ ኀይሉ በፊደሉ ብቻ አይደለም፤ በሚያሳድረው ፍርሀት ጭምር ነው። በ2022 ዓ.ም. የቱልሳ ትምህርት ቤቶች ለመምህራን በተሰጠ አንድ ሥልጠና ምክንያት በዚህ ሕግ ተከስሰው ማዕርጋቸው ዝቅ ተደረገ። ይህን ያየ መምህር፥ ተማሪው «መምህር ሆይ፥ ጋዜጣውን ማን ቀደደው?» ብሎ ቢጠይቀው፥ እንደ ዊልያምስ ፎቶግራፉን ያወጣ ይሆን? ወይስ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፍ ይሆን?

ስለዚህ ነገር የአባትን ዕራቍት መግለጥ ነውር ነው፤ የኖኅ ልጆች ታሪክ ይመሰክራል የሚል ሰው አይታጣም። ይህን የሚል ሰው ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛ፥ ኖኅ በወይን ሰክሮ በገዛ ድንኳኑ ተኛ እንጂ የጎረቤቱን ቤት አላቃጠለም፤ የራሱን ዕራቍትነት መሸፈንና የሌላውን ቍስል መሸፈን አንድ አይደለም። ሁለተኛ፥ በአሜሪካ ጥቍሮችን በባርነት የገዙ ሰዎች ለሥራቸው ምክንያት ያደረጉት ይህንኑ የኖኅን ልጆች ታሪክ አጣምሞ መተርጐምን ነበር። በዚያ ትርጓሜ የተገዙት ሰዎች ልጆች ቤታቸው ሲቃጠልም ያንኑ ታሪክ መሸፈኛ ማድረግ በበደል ላይ በደል መጨመር ነው።

ተማሪ ልጅ ነው፤ ይሳሳታል፤ የታላቁን ሰው ስም ያለ ማስረጃ ያጐድፋል የሚል ክርክርም አለ። ለዚህ ክርክር መልሱ በሁለተኛዪቱ ከተማ በሃቲስበርግ ይገኛል።

ክላይድ ኬናርድ በኮሪያ ጦርነት ዘመን በአየር ወለድ ጦር ያገለገለ፥ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሲማር የቈየ የሃቲስበርግ ጥቍር ሰው ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1950ዎቹ ዓመታት በዚያ ከተማ ወዳለው፥ ለነጮች ብቻ ወደ ነበረው የሚሲሲፒ ሳውዘርን ኮሌጅ ለመግባት ደጋግሞ ለመነ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዊልያም ማኬይን ነበር፤ ኬናርድንም አልተቀበለም። በ1960 ዓ.ም. ኬናርድ 25 ዶላር የሚያወጣ የዶሮ መኖ አሰርቋል ተብሎ ተከሰሰ፤ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባኤ በ10 ደቂቃ ያህል ፈረደበት፤ 7 ዓመትም እስራት ተቈረጠበት። በወኅኒ ቤት በአንጀት ነቀርሳ ታመመ፤ ሊሞት ሲቃረብ ተለቀቀ፤ በጁላይ 4 ቀን 1963 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

ማኬይን ዝነኛ ሰው ነው። ዝናውም ከታሪክ ሥራ የመጣ ነው፤ ወደ ኮሌጁ ሳይመጣ ከ1938 እስከ 1955 ዓ.ም. የሚሲሲፒ ግዛት የመዛግብትና የታሪክ መሥሪያ ቤት ዋና ኀላፊ ነበረ፤ ኋላም በኮሌጁ በስሙ የሚጠራ ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር ተሠራለት። ስለ እርሱ የሚገለብጥ ተማሪ «የመዛግብት አባት» ብሎ ቢጽፍ ማን ይወቅሰዋል? ነገር ግን እርሱ ያስተዳድረው የነበረው ያው የመዛግብት መሥሪያ ቤት በ1998 ዓ.ም. የግዛቱ መንግሥት ጥቍሮችን ከነጮች ለይቶ ለማኖር ያቋቋመውን የስለላ መሥሪያ ቤት ወረቀቶች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከፈተ፤ ከወረቀቶቹም ውስጥ በኬናርድ ላይ የተዶለተው ነገር ተጽፎ ተገኘ። መዝገብ የሾመውን ሰው ሳይፈራ መሰከረ።

ከዚያ በኋላ በኢሊኖይ ግዛት የስቲቨንሰን ትምህርት ቤት ሦስት ተማሪዎች ከመምህራቸው ከባሪ ብራድፎርድ ጋራ የኬናርድን ነገር አነሡ። በጥላቻ አልተነሡም፤ በወሬም አልተመሩም። ሰነዱን ሰበሰቡ፤ ነገሩን ቀድሞ ሲከታተለው ከነበረው ከጋዜጠኛው ከጄሪ ሚቸልና ከሕግ ዐዋቂዎች ጋራ ተባበሩ። በኬናርድ ላይ የመሰከረው ያ አንድ ሰው ለጋዜጠኛው ኬናርድ ንጹሕ ነበረ ብሎ ቃሉን መለሰ። በሜይ 2006 ዓ.ም. የሃቲስበርግ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ኬናርድ በደል እንደሌለበት ወሰነ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በሕይወቱ ሳለ በሩን የዘጋበት ያው ትምህርት ቤት፥ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፥ የክብር ዶክተርነት ማዕርግ ሰጠው።

እንግዲህ ማን እንደ ተሳሳተ ይመዘን። በ10 ደቂቃ የፈረዱት ተማሪዎች አይደሉም። ጋዜጣውን የቀደዱት፥ ጥፋቱን በተቃጠለባቸው ሰዎች ላይ የጣሉት፥ ስሙን ሳይነቅሉ ባለ ስሙን የለወጡት ተማሪዎች አይደሉም። ተማሪ ቢሳሳት መምህር ያርመዋል፤ መምህሩና ዳኛው፥ ጋዜጠኛውና ሹሙ በአንድነት ሲሳሳቱ ግን የሚያርማቸው በኋላ የሚመጣ ጠያቂ ብቻ ነው። ያን ጠያቂ ገና በወንበር ላይ ሳለ አፉን መዝጋት አራሚን መግደል ነው።

ይህ ማለት ግን ተማሪ ሁሉ ዝነኛን ሰው ለመስደብ ይነሣ ማለት አይደለም። ስድብ የግልበጣ ወንድም ነው፤ አንዱ ምስጋናን ሳይመረምር ይቀዳል፤ ሌላው ነቀፋን ሳይመረምር ይቀዳል። ደግሞም እውነተኛ ምርመራ ስም ከማጕደፍ ይልቅ ስም ይመልሳል፤ የኬናርድንና የሲ. ኤል. ዳንኤልን ስም የመለሰው ምርመራ ነው። ስለዚህ ለተማሪ ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ የሰውየው ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን ቃሉና ሥራው የተጻፈበትን መዝገብ ያንብብ፤ በሕይወት ያለ ምስክር ሳይሞት ይጠይቅ፤ ያመሰገነውንም የከሰሰውንም ሰምቶ ማስረጃው በሚያደርሰው ቦታ ይቁም፥ ከዚያም አይለፍ።

ነገሩ ለአሜሪካውያን ብቻ የቀረ አይደለም። ልጆቻቸውን በዚያ አገር ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው፤ ልጁ አንድ ቀን «የምንኖርበትን ግዛት ታላቅ ሰው ጻፉ ተባልን» ብሎ ወደ ቤት ይመጣል። ያን ጊዜ ወላጅ ነጥብ እንዳይጐድልበት ብሎ «ከመጽሐፍ ቅዳና ስጥ» አይበለው፤ እጁን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይውሰደው፤ በሰፈሩ ካሉት ሽማግሎች ጋራ ያገናኘው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን ንጋት ያለ ሰው ድካም ይመጣል፤ እውነት ግን መዝገቡን የሚገልጥ እጅ፥ ሽማግሌውን የሚጠይቅ አፍ፥ ጥያቄውንም የማይፈራ መምህር ይሻል። ዊልያምስ ፎቶግራፎቹን በሣጥኑ ቈልፎ ዶን ሮስን «ተቀመጥ» ብሎት ቢሆን ኖሮ ያ ተማሪ ተቀምጦ በቀረ ነበር።